«ከእናንተ ጋር ነን» ያሉት ሰዎች

እንደምን ሰነበታችሁ። ፋኑ ዛሬም እየተንጫጫ ነው፤ አጥፋው እያላችሁ የላካችሁልኝን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን በግንቦት ወር ድሬዳዋ የተቀመጠን ሰው ፋን አጥፋ የሚል ወይ ደገኛ ነው፣ ወይ ጠላት ነው። የእድራችን ምርጫ እንዴት እንዳለቀ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እነግራችኋለሁ፤ ግን በዙሪያ ጥምጥም ነው የምደርስበት፤ ምክንያቱም ነገሩ ከእድር የሚሰፋ ይመስለኛል። እንደሚያሸንፍ ወዳጅም ጠላትም የተስማማበት ፓርቲ፣ የድል ንግግሩን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ድምፅ ተቆጥሮ ሲያበቃ እንዴት ባዶ እጁን ይቀራል? ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ መልስ አገኘሁ ብዬ ደግሞ አይደለም ማይክራፎኑን የከፈትኩት።

ባለፈው የቦትስዋናን ነገር ነካ አድርጌው ነበር። የቦትስዋና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ አገሪቱ ነፃ ከወጣችበት ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ 58 ዓመት ገዝቷል። በ2019 ምርጫ ከ57 ወንበሮች 38ቱን ወስዶ ነበር። በኦክቶበር 2024 ግን ከ61 ወንበሮች የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ፈጽሞ ተወው ማለት አይደለም፤ ከመራጩ 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው አሁንም መርጦታል፤ ሆኖም በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት ያ ሁሉ ድምፅ በየቦታው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ቀለጠ። ፕሬዚዳንት ሞክዊትሲ ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ መሸነፋቸውን አምነው ሥልጣን አስረከቡ። ምክንያቱን የሚያውቁ ሰዎች የአልማዝ ገበያው ስለ መቀዝቀዙ፣ ወጣቱ ሥራ ስለ ማጣቱ፣ ፓርቲው ውስጥ ስለ ነበረው መከፋፈል ይዘረዝራሉ። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ አልማዝ መቀዝቀዙን ፓርቲው ራሱ አላወቀም ነበር ማለት ነው? ሥራ ያጣው ወጣት የፓርቲው አባላት ልጅ አልነበረም? እኔን የሚከነክነኝ ለምን ተሸነፈ የሚለው አይደለም፤ እየተሸነፈ እያለ ለምን አልሰማም የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ያስደነገጠኝ ነገር የመጣው ከብዕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ኒካራጓ ውስጥ፣ የሶሞዛን አገዛዝ በ1979 በትጥቅ ትግል የጣሉት ሳንዲኒስታዎች ለምርጫ ቀረቡ። መሪያቸው ዳንኤል ኦርቴጋ ነበሩ፤ የአሥራ አራት ፓርቲዎች ጥምረት ደግሞ ባለቤታቸው የተገደሉባቸውን ቪዮሌታ ቻሞሮን አቀረበ። አብዛኞቹ የሕዝብ አስተያየት መጠይቆች ኦርቴጋ ይመራሉ አሉ፤ በዋና ከተማዋ በማናጓ ያደረጉት የመዝጊያ ሰልፍም እጅግ ግዙፍ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ድምፅ ተሰጥቶ ሲቆጠር ቻሞሮ 55 በመቶ፣ ኦርቴጋ 41 በመቶ ገደማ ሆኑ። ያ ሁሉ ሰልፈኛ የት ገባ?

ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አድርገው ነበር። ጠያቂዎችን አሰማርተው ሰውን ማንን ትመርጣለህ ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው ጠያቂው መልሱን የሚጽፍበት ብዕር ብቻ ነው። አንዱ ብዕር የሳንዲኒስታዎቹን ቀለምና የኦርቴጋን የምርጫ ጽሑፍ ይዟል፤ ሌላው የተቃዋሚውን ጥምረት ምልክት ይዟል፤ ሦስተኛው የማንም ምልክት የለበትም። የተቃዋሚውን ብዕር የያዘ ሰው ሲጠይቃቸው ቻሞሮ ይመራሉ። በሳንዲኒስታው ብዕር ሲጠየቁ ኦርቴጋ ይመራሉ። ይህስ ይሁን፤ ሰው ለእንግዳው ደስ የሚለውን ይናገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ብዕር ነው። ምንም ምልክት በሌለው ብዕር ሲጠየቁም የሚመሩት ኦርቴጋ ነበሩ። ይህ ማለት፣ ፓርቲና መንግሥት አንድ በሆነበት አገር፣ የማንም ያልሆነ ብዕር በሕዝብ ዓይን የመንግሥት ብዕር ነው ማለት ነው። ከማንም ወገን ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው አለ ብሎ የሚያምን የለም። ገለልተኛ ነኝ ብሎ በቅን ልቦና የመጣው ጠያቂ እንኳ ይዞ የሚመለሰው ገዥው ሊሰማ የሚወደውን ነው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ምንም አልደነቃትም። የእናቴን ነገር ታውቁታላችሁ። ደጃችን ላይ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ከቆመ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን፣ ክትባት መዝጋቢም ይሁን፣ የቆጠራ ሠራተኛም ይሁን፣ መልሷ ጥያቄውን አይጠብቅም፤ «ሁሉ ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግቡና ውሃ ጠጡ» ትላለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ደግሞ ከማን እንደተላከ ለግማሽ ቀን ትመራመራለች። «እኔ ዋሸሁ እንዴ? ውሃ ጠጡ አልኩ እንጂ» ነው የምትለው። አቦ፣ ምን ትላታለህ? እውነቷን ነው። እንግዳን በክፉ ቃል አለመሸኘት አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ መስጠት ሌላ ነገር ነው። እንግዳው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከጻፈው ጥፋቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ጋሼ ሊቀመንበር ልምጣ።

ጋሼን ለዓመታት በዚህ ፕሮግራም ስቀልድባቸው ኖሬአለሁ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አሁንም ሰዓታቸውን አይተው «ባቡሩ አርፍዷል» የሚሉትን ቀልድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ መቀለድ አልችልም። የእድራችንን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ከምንም ተነስተው ያሟሉ ሰው ናቸው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በቀጠፈ ጊዜ፣ ከማን ቤት ማን እንደጠፋ ዝርዝር ይዘው፣ አስከሬን እየለዩ፣ ሙስሊሙን በሥርዓቱ ክርስቲያኑን በሥርዓቱ ሲያስቀብሩ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በሰፈራችን ይህን የሚክድ ሰው የለም። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ወጣት አባል ተነስቶ «ምርጫው እጅ በማውጣት ሳይሆን በምስጢር ይሁን» ሲል፣ ጋሼ ፈገግ ብለው «ይሁን እንጂ፤ ምን ችግር አለው?» አሉ። ማሸነፉን ያልተጠራጠረ ሰው ብቻ ነው ሳጥኑን እንዲህ በሙሉ ልቡ የሚከፍተው።

ተፎካካሪያቸው አሸዋ ገበያ ሱቅ ያላት ወጣት ሴት ነበረች። እኔን ድምፅ እንድቆጥር መረጡኝ፤ ድምፄ ለሰው ይሰማል በሚል ነው፤ ፖድካስት ያመጣብኝን ጣጣ ተመልከቱ። የድምፅ መስጫው ከደብተር ወረቀት የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም ጽፎ፣ አጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ ይጨምራል። እኔ አንዱን እያወጣሁ እዘረጋለሁ፤ ስሙን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አንድ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጭረት ያሰምራል፤ አምስተኛውን አግድም ይሰርዛል። ጋሼ ከሰሌዳው አጠገብ ተቀምጠው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አብረው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ላይ ይመሩ ነበር። ከዚያ እኩል ሆኑ። ከዚያ የሷ ስም ተደጋገመ፤ እኔም ሳላውቀው የሷን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሳቸውን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ የማነበው ነገር ግን አልተለወጠም።

ከዚያ ያቺ ወረቀት መጣች። የሷ ስም ከነአባቷ ተጽፎባታል፤ በስሟና በአባቷ ስም መካከል፣ ድሮ እንደሚጻፈው፣ ሁለት ነጥብ አለ፤ ከአባቷ ስም በኋላ አራት ነጥብ ተቀምጧል። ስም ብቻ ለተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አራት ነጥብ! በሰፈራችን እንዲህ አድርገው የሚጽፉ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ በዚያው ጠዋት ቆመው፣ የደቻቱን ሌሊት እያስታወሱ፣ ጋሼን በእጩነት የጠቆሙት ናቸው። ስሟን አነበብኩ። ልጁ ጭረቱን አሰመረ። ጋሼ ወደ ሰሌዳው ያዩ ነበር፤ ወደ ወረቀቱ አላዩም። ቢያዩት ኖሮ ያንን የእጅ ጽሕፈት ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር። ወረቀቷን ከሌሎቹ ሥር ከተትኳት።

ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደመለስኳት አልነግራችሁም። ምናልባት የሌላ ሰው ጽሕፈት ነው። አባቴም በሕይወት ቢኖር እንዲያው ይጽፍ ነበር። ደግሞስ የሳቸው ቢሆን ምን? ጠዋት የተናገሩት ውሸት ነበር? ስለ ደቻቱ ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጥቅጧል፤ ያንን ማንም ማስመሰል አይችልም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቅሶ ቤት ከእኚሁ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ይህ ሕዝብ ውለታ አያውቅም» አሉኝ። ዓይናቸውን አየሁ። ምንም የለበትም። ወይም ምንም ማንበብ የማልችል ሰው ነኝ።

የዊንስተን ቸርችል ታሪክ ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጀርመን እጅ በሰጠች በሁለት ወር ውስጥ፣ ጁላይ 5 እንግሊዞች ድምፅ ሰጡ፤ በባሕር ማዶ ያለው ወታደር ድምፅ እስኪሰበሰብ ውጤቱ እስከ ጁላይ 26 ቆየ። ቸርችል ከስታሊንና ከትሩማን ጋር ፖትስዳም ተቀምጠው የአውሮፓን ዕጣ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ውጤቱን ሰምተው ሊመለሱ ወደ ለንደን ሄዱ። ወደ ፖትስዳም የተመለሱት ግን የተፎካካሪው የሌበር ፓርቲ መሪ ክሌመንት አትሊ ነበሩ፤ ፓርቲያቸው 393 ወንበር አግኝቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው። የሚገርመው፣ የጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ሌበር እንደሚመራ አስቀድሞ በጋዜጣ ታትሞ ነበር። ቁጥሩ በሰው እጅ ነበር፤ ያመነው ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ጦርነት ያሸነፈ ሰው ምርጫ ይሸነፋል ብሎ ማን ይቀበላል? ቸርችል በየከተማው ሲዞሩ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ያጨበጭብላቸው ነበር። ያ ጭብጨባ እንደ ኒካራጓው መልስ በፍርሃት ወይም በይሉኝታ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ከልብ ነበር። ጭብጨባው ላለፈው ነው፤ ድምፁ ለሚመጣው ነው፤ ለቤት፣ ለሕክምና፣ ከጦር ሜዳ ለሚመለሰው ልጅ ሥራ። ቸርችል ደግሞ ለዚህ መልስ ይሰጣሉ ሲባል፣ ሶሻሊዝም እንደ ናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ እንደ ጌስታፖ ያለ ኃይል ከሌለው አይቆምም ብለው በሬዲዮ አስፈራሩ፤ ይህን ያሉት አምስት ዓመት አብረዋቸው በጦርነቱ ካቢኔ ስለ ተቀመጡት የሌበር ሰዎች ነው። ያጨበጨበላቸው ሰው ጆሮውን አላመነም።

ጋሼም እንዲሁ ነበሩ ብል ይከብደኛል፤ ማንንም አላስፈራሩም። ነገር ግን ወርሃዊ መዋጮው ሲጨመር ጉባኤ አልጠሩም። ዘግይቶ በሚከፍል ላይ የተጣለው ቅጣት በየቡናው ያስማርር ነበር፤ በሳቸው ፊት ግን ማንም አላነሳውም። አዲስ የገባ ተከራይ ለወራት እየከፈለ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የማያገኝበት ደንብ አለ፤ ሰፈሩ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በተከራይ ተሞልቷል። ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ጋሼ ቤት ለቤት ሲዞሩ አብሬያቸው ነበርኩ። የሄዱት ወደ መሥራቾቹ ቤት ነው። በሁሉም ቤት ቡና ቀረበ፤ በሁሉም ቤት «እኛማ ከእርስዎ ሌላ ከማን ጋር ልንሆን ነው?» ተባለ። ይህ ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም፤ እሳቸው ግን መልስ አድርገው ወሰዱት። ይኸው ከራሴ በላይ ያለው ፋን የሚያዞረው የዚሁኑ ክፍል ትኩስ አየር ነው፤ ሲነካን ግን ከውጭ የመጣ ነፋስ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ፓርቲ ከሕዝብ ደረሰኝ የሚለው ወሬ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

በአገራችንም ያየነው ነው። በ1997 ኢህአዴግ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ክርክሩን ሲከፍት፣ እንደሚሸነፍ ያሰበ ፓርቲ አልነበረም። ሚያዝያ 29 ቅዳሜ መስቀል አደባባይን በደጋፊ ሞላው። በማግሥቱ እሁድ ተቃዋሚዎቹ ጠሩ፤ አደባባዩ እንደገና ሞላ። ግንቦት 7 አዲስ አበባ ላይ ያሉትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ቅዳሜ የወጣው ሰው ሁሉ እሁድም ወጥቷል አልልም፤ ከፊሉ ግን ሁለቱንም ቀን እንደወጣ የማይጠረጥር ካለ እጁን ያውጣ። ከዚያ የሆነውን፣ የአገር አቀፉን ውጤት ውዝግብ፣ የሰኔውንና የጥቅምቱን ደም፣ ዛሬ አልገባበትም፤ ስለ እሱ በቀላሉ መናገር አልችልም። እኔ የማነሳው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ፓርቲው አባላቱን በሚሊዮን አበዛ፤ በየመንደሩ አንድ ለአምስት አደራጀ። በ2007 ምርጫ ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ለተቃዋሚ አንዲት የተወካዮች ወንበር ሳይተው ሁሉንም ያዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2008 ኅዳር፣ አገሩ በተቃውሞ ነደደ፤ በ2010 የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ ግንባሩም ብዙም ሳይቆይ ስሙ ቀረ። ያ ሁሉ አምስት አምስት ሆኖ የተደራጀ ሰው ሪፖርት ይጽፍ ነበር እኮ። ሪፖርቱ የተጻፈው በየትኛው ብዕር ነበር?

ግን ቆይ። ይህን ሁሉ ስናገር ነገሩ በጣም አማረልኝ፤ ነገር ሲያምርልኝ ደግሞ ራሴን እጠራጠራለሁ። ሰው እውነቱን ስላልነገራቸው ተሸነፉ ማለት ሁልጊዜ ይሠራል? የእድራችንን ምርጫ ዕለት ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ነበር፤ ከጋሼ ወዳጆች ብዙዎቹ «ጋሼ እንደሆኑ ያልፋሉ» ብለው ወደ ሰርጉ ሄደዋል። ተከራዮቹ ግን አንድም የቀረ የለም። ታዲያ ጋሼን የጣላቸው ከጀርባ የተጻፈው ወረቀት ነው ወይስ ያልተጻፈው? ተወዳጅ የሆነ ወገን በገዛ ደጋፊው መተማመን የሚሸነፍበት መንገድ አለ፤ እሱ ደግሞ ክህደት የለበትም፤ ስንፍና ነው፤ ወይም ሰርግ ነው።

ሐርጌሳ ዘመድ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2003 በሶማሌላንድ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ ሰጠ። ኩልሚዬ የተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ አሸንፌያለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ በ80 ድምፅ ተሸንፈሃል አለው፤ በኋላ በፍርድ ቤት ልዩነቱ ወደ 217 ከፍ አለ። ሰማንያ ሰው ማለት እኮ አንድ የሰርግ ዳስ የማይሞላ ሰው ነው። ፓርቲው ተማረረ፤ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ፣ በተራው ገዥ ሆኖ ሳለ፣ የተቃዋሚው የዋዳኒ ፓርቲ እጩ አብዲራህማን ኢሮ 64 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉት። በሰማንያ ድምፅ የተቃጠለ ፓርቲ፣ እያንዳንዷን ድምፅ ቆጥሮ የማያንቀላፋ መሆን አልነበረበትም? ሥልጣን ላይ ሲወጣ ያ ትዝታ የት ይሄዳል? ወይስ ትዝታው እያለም ሰዉ ሲደክመው ይደክመዋል፤ ማዳመጥም አያድን ይሆናል። ማሲሲ ቢያዳምጡ ኖሮ አልማዝን ያስወድዱ ነበር?

እንዳያችሁት ሄጄ ሄጄ መነሻዬን አፈረስኩት። እናቴ ይህን ብትሰማ «ታዲያ ምን ልትል ነው?» ትለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ፖድካስት አትሰማም። እሷ ማንን እንደመረጠች ጠይቄአታለሁ። «ውሃ ጠጣ» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይህን ቅጂ የጀመርኩትም በሱ ምክንያት ነው። ባለፈው እሁድ የአዲሱ ኮሚቴ አጀንዳ ደርሶናል። ተከራዮችን የሚመለከተው ደንብ እንዲሻሻል ይጠይቃል፤ ጥሩ ነው፤ ቅጣቱም ይነሳል ይላል። ሦስተኛው አጀንዳ ግን የሚቀጥለው ምርጫ እንደ ቀድሞው እጅ በማውጣት ይሁን የሚል ነው፤ ምክንያቱ ግልጽነት ነው ተብሏል። ጋሼን ስለዚህ ስጠይቃቸው ሰዓታቸውን አዩ፤ ስለ ባቡሩ ምንም አላሉም። ያቀረበችው አዲሷ ሊቀመንበር ናት፤ በቅን ልቦና ያቀረበችው ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ ይወዳታል፤ ቤት ለቤት ስትዞርም በሁሉም ቤት ቡና ይቀርብላታል። ስለ አጀንዳው ምን ታስባለህ ብላ እኔንም ጠይቃኛለች፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ነበር። እኔም… እንግዲህ ጥሩ ነው፣ ይታያል ብዬአታለሁ። አጀንዳው የሚጸድቀው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም በነባሩ ልማድ፣ እጅ በማውጣት ነው፤ እና በዚያ ቀን እኔ ፊት ለፊት መቀመጤ አይቀርም፤ ምናልባት ድምፅ ቁጠር ቢሉኝ ይሻለኛል፤ ቆጣሪ እጁን ያወጣል ወይ የሚለውን ደንቡ ላይ ፈልጌ እስካሁን…